ጥብጣቡ መብራትና የቤታችን ኤሌክትሪክ

የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር፣ መብራት ማለት ከጣሪያ መካከል የተንጠለጠለ አምፑል ነበር። ዛሬ ግን ኤል ኢ ዲ የተባለው ጥብጣብ መብራት በባሕር ዳር ከጣና ዳር ሆቴሎች አልፎ እስከ ሳሎናችን ኮርኒስ ገብቷል።

ይህ ጌጠኛ መብራት በአብዛኛው የሚሠራው በ12 ወይም በ24 ቮልት ሲሆን፣ የግድግዳችን ሽቦ ግን 220 ቮልት ይዟል። ስለዚህ በመካከላቸው ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር መኖሩ ግድ ነው፤ ያለዚያ ጥብጣቡ ወዲያው ይቃጠላል። በ220 ቮልት የሚሠራ ዓይነትም ስላለ፣ ከመግዛት በፊት ጽሑፉን ማንበብ ይገባል።

«ጥቂት ኃይል ስለሚበላ ማናቸውም ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል» የሚሉ አይታጡም። ነገሩ እንዲህ አይደለም። 60 ዋት በ220 ቮልት ሲሄድ ከሩብ አምፔር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በ12 ቮልት ሲሄድ ግን 5 አምፔር ይሆናል። ያን ጊዜ ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፤ ከመጠን በላይ የተቀጠለውም ጥብጣብ ጫፉ ይደበዝዛል።

220 ቮልቱን መስመር የሚነካው የሠለጠነ ባለሙያ ይሁን። እናንተም ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ብሬከሩ ወርዷልን? መስመሩ ባዶ መሆኑ በመሣሪያ ተፈትኗልን? ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ ላይ ገብቷልን? የትራንስፎርመሩ ዋት ከጥብጣቡ ይበልጣልን? አየርስ ያገኛልን? ወደ ሐይቁ ለተከፈተ በረንዳ ደግሞ ውሃ የማያስገባው ዓይነት ይመረጣል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለሻሽ ቢሆንም፣ ለሽቦም ይሠራል።