ስንዴ ያልነካው ገበታ ፍለጋ

በሮም ወይም በቦሎኛ ምግብ ቤት ገብቶ ስንዴ የሌለበት ምግብ መጠየቅ ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። ፓስታና ፒዛ የዕለት እንጀራ በሆነበት አገር ስንዴን የሚሸሽ እንግዳ ምን ያገኛል? ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለዕረፍት ሲወጡ ተረጋግተው ከሚበሉባቸው አገሮች አንዷ ጣሊያን ናት።

ሴሊያክ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን አንጀት ሲደርስ፣ የታማሚው የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ይዘምታል። ሕመሙ ከእህል ጋር ያለውን ዝምድና ያስረዳው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲኬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 በሆላንድ በነበረው የረሃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ታማሚ ሕፃናት አገገሙ፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲኬ ግኝቱን በ1950 በመመረቂያ ጽሑፉ አቀረበ። ዛሬም ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው።

በገዛ ቤት ይህ ይቻላል። መንገድ ላይ ግን ምግቡን የሚያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው። አስተናጋጁ በቅንነት «ስንዴ የለበትም» ይላል፤ ድንቹ ግን ዱቄት የለበሰ ዶሮ በወጣበት ዘይት ተጠብሷል። የሩዝ ፓስታው ሌላው ፓስታ በተቀቀለበት ውኃ በስሏል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር የወሰዱ ታማሚዎች አንጀት እንደተጎዳ አሳይቷል። ይህ መጠን የዳቦ ፍርፋሪ ያህል ነው።

ጣሊያን ችግሩን ለአስተናጋጁ ቅንነት ብቻ አልተወችውም። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ሕግ ቁጥር 123 የትምህርት ቤትና የሆስፒታል መመገቢያዎች ለጠየቀ ሁሉ ከግሉተን ነፃ ምግብ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ለምግብ ቤትና ለሆቴል ባለቤቶችም ሥልጠና እንዲሰጥ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የሴሊያክ ታማሚዎች ማኅበር ደግሞ ወጥ ቤቶችን እያሠለጠነና እየተከታተለ ከ4 ሺህ በላይ ቤቶችን በመዝገቡ አስፍሯል። መንገደኛው የማኅበሩን ምልክት በር ላይ ሲያይ ይገባል። በመላው የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ወዲህ ምግብ ቤቶች ግሉተን ያላቸውን እህሎች ጨምሮ 14 አለርጂ አምጪ ነገሮችን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ማሳወቅ ማለት ግን ለብቻው ማብሰል ማለት አይደለም፤ ጣሊያን የምትለየው በዚህ ነው።

ነገሩ እኛንም በቀጥታ ይነካል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ይህን የሚያረጋግጥ የሆላንድ ተመራማሪዎች ጥናት አትሟል። ስለዚህ በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን ያለ ታማሚ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ሲያይ ደስ ብሎት ይገባል። እዚያ ግን የሚቀርብለት እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ጤፍ ውድ ነው፤ በባዕድ አገር አየርና ውኃ ንጹሕ የጤፍ ሊጥ ዓይን አውጥቶ እንዲጋገር ማድረግም ያስቸግራል። ቅልቅሉ ነውር የለበትም፤ ደንበኛው ሳያውቅ መብላቱ ግን ያማል። ንጹሕ ጤፍ ነው ቢባል እንኳ እርሾው ከየትኛው ሊጥ ተቀዳ? በዚያው ምጣድ ምን ሲጋገር ዋለ? ትሪው ላይ የተነጠፈውስ የትኛው እንጀራ ነው?

አስቀድሞ ለደወለ ደንበኛ የጤፍ ብቻ እንጀራ የሚጋግሩ ቤቶች አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። በውጭ አገር ምግብ ቤት የከፈታችሁ ወገኖች፣ የእንጀራችሁን ዱቄት በምግብ ዝርዝራችሁ ላይ ጻፉ። ለጤፉ የራሱን ቡሃቃ፣ እርሾና ምጣድ ለዩለት። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ፣ ለጠየቃችሁ እንግዳ ሳትሸፋፍኑ «ስንዴ አለበት» በሉት።