አንድ የሙቀት ቁጥር ለመላው አዲስ አበባ ይበቃልን?

በዜና ማብቂያ «የአዲስ አበባ ከፍተኛ የሙቀት መጠን» ተብሎ አንድ ቁጥር ሲነገር፣ ከእንጦጦ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው ነዋሪ ሁሉ ለራሱ ሰፈር ይወስደዋል። ይሁን እንጂ ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የእንጦጦ ከፍታ ተነሥታ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ በብዙ መቶ ሜትሮች ትወርዳለች። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ በመሀል ከተማ የተለካው ሙቀት በደቡቡ ዳርቻ ካለው ይለያል።

የመሬቱ ገጽታም የራሱ ድርሻ አለው። በቱሉ ዲምቱ ቀድሞ ማሳ በነበረው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየሞች ተገንብተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ኮንክሪትና አስፋልት ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቃሉ። እርጥብ አፈርና ተክል ግን ውኃ በማትነን አካባቢያቸውን ያቀዘቅዛሉ። እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ የለንደን ሌሊት ከዙሪያው ገጠር በ2 ዲግሪ ገደማ እንደሚሞቅ በልኬት ያሳየው የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ነው። ክስተቱ ዛሬ «የከተማ ሙቀት ደሴት» ይባላል።

ይህን ልዩነት ጥቂት ጣቢያዎች ብቻቸውን አያሳዩትም። ስለዚህ በእንግሊዟ በርሚንግሃም እንደተደረገው፣ አነስተኛ ሴንሰሮችን በየትምህርት ቤቱ ግቢ አቀራርቦ መትከል አንዱ መፍትሔ ነው። መሣሪያው ግን አየር በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ርቆ መቀመጥ አለበት። አለበለዚያ የሚለካው አየሩን ሳይሆን የግድግዳውን ግለት ይሆናል። ከመተከሉ በፊትም ከመደበኛ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ልኬት ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

ጥቅሙ ለአርሶ አደሩም ለከተሜውም ነው። ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ረባዳ ማሳ ይወርዳል፤ በሕንፃዎቹ መካከል ግን ሙቀቱ ይቆያል። በዚያው ሌሊት አትክልት አምራቹ ውርጭ ሲያሰጋው፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪው መስኮት ሊከፍት ይችላል። ለሁለቱም አንድ ቁጥር መንገር አንዳቸውን ያሳስታል። ሰፈር ለሰፈር የተለካ መረጃ ካለ ግን አርሶ አደሩ ሰብሉን አስቀድሞ ይከላከላል፤ ክፍለ ከተማውም ዛፍ ቀድሞ የሚያስፈልገው የትኛው መንገድ እንደሆነ ያውቃል።