ቅዳሴ ሳያቋርጡ ለመቆም፦ የአዋቂ ዳይፐር ትውውቅ

ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው አቀበት ለጤነኛ ጉልበትም ቀላል አይደለም። ደብሩ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበት ይህ ደብር ዛሬም ወር በገባ በ21 ነጭ በለበሱ ምእመናን ይሞላል። ጠዋት ብርዱ አጥንት ዘልቆ ይገባል፤ ብርድ ደግሞ ሽንት ያበዛል። ዓመት ሙሉ ሳያጓድሉ ሲመጡ ኖረው አንድ ቀን ድንገት የሚቀሩ እናቶችና አባቶች አሉ። ለልጆቻቸው «ጉልበቴን አሞኛል» ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሽንታቸው ያመልጣቸዋል። ታክሲ ውስጥ ቢያመልጠኝስ፣ ሽታው አጠገቤ ለቆመው ቢደርስስ እያሉ ቤት መዋልን ይመርጣሉ። አንዳንዶቹም ማንንም ሳያማክሩ «እንዲህ ሆኜ ቅጥር ግቢ አልገባም» ብለው በራሳቸው ይፈርዳሉ። በዚህ ጉዳይ ሊጠየቁ የሚገባቸው የንስሐ አባት ናቸው እንጂ የራስ ሐፍረት መሆን የለበትም።

በብዙ ቤት የአዋቂ ዳይፐር ተገዝቶ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ተሞክሮ፣ «ያፈሳል፣ ይቆረቁራል፣ ሲሄዱ ይወርዳል» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው አይደለም። በልክ አልተገዛም፣ ወይም በወጉ አልታሰረም። ሁለቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊለመዱ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ገላን የሚነካው ስስ ሽፋን ሽንቱን ወደ ውስጥ አሳልፎ ራሱ ቶሎ የሚደርቅ ነው። ከሥሩ ከእንጨት የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር አለ፤ በመሐሉ ስኳር የሚመስሉ ደቃቅ ነጭ ፍሬዎች ተበትነዋል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ፍሬዎች ናቸው። ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላሉ፤ ፈሳሽ ሲነካቸው ወደ ጄል ይለወጣሉ፣ ሲጫኗቸውም መልሰው አያንጠባጥቡም። ሽንት ጨው ስላለበት የሚይዙት የክብደታቸውን ብዙ አሥር እጥፍ ብቻ ነው፤ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃ ሲያገኙ ግን በመቶ እጥፍ ያብጣሉ። ይህ ልዩነት ለእንጦጦ ሰው ትርጉም አለው፣ እመለስበታለሁ። ከውጭ ፈሳሽ የማያሳልፍ ስስ ላስቲክ አለ። በሁለቱ ጭኖች በኩል ደግሞ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ስስ ግድቦች ተሰፍተዋል፤ በጎን የሚያመልጠውን የሚያግዱት እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው ግድቦቹን ሳያያቸው ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ያስራቸዋል፤ «ያፈሳል» የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ገበያ ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው በጎንና በጎን ማጣበቂያ ያለው ነው፤ ተኝቶ ለሚውል ሰውና ለሌሊት ይሻላል። ሁለተኛው እንደ ሙታንታ ከእግር ተጎትቶ የሚለበስ ነው። ራሱን ችሎ ለሚሄድ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ዝቅ ማድረግ ለሚችል ሰው ይህኛው ይመቻል፤ ከቀሚስም ሆነ ከሱሪ ሥር ብዙም አይታወቅም። ጥቂት ብቻ ለሚያመልጣት ሴት፣ ስታስነጥስ ወይም ስትስቅ ጠብ ለሚልባት፣ ከሥሩ ማጣበቂያ ያለው ፓድ ይበቃታል፤ ዳይፐር አያስፈልጋትም። ፓድ ግን የሚቆመው ሙታንታው ካቆመው ብቻ ነው። የላላ አሮጌ ሙታንታ ላይ የተለጠፈ ፓድ በሄዱ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል። ጠበቅ ያለ፣ ብሽሽት ላይ ላስቲኩ ያልሞተ የጥጥ ሙታንታ ያስፈልጋል።

ልክ መግዛት የሚጀምረው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ወገብን በእንብርት በኩል፣ ዳሌንም በሰፊው ቦታ ለኩና ትልቁን ቁጥር ይዛችሁ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሴንቲሜትር ጋር አስተያዩ። «ሰፋ ያለ ይሻላል፣ ብዙ ይይዛል» የሚለው ሐሳብ ብዙ አስታማሚ ያሳሳተ ነው። የሰፋ ዳይፐር ጭን ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ሽንት ደግሞ የሚሄደው ክፍተት ወዳለበት ነው። የጠበበው በበኩሉ ሆድን ይጫናል፣ ብሽሽት ይልጣል። ጭናቸው የከሳ አዛውንቶች ወገባቸው በላርጅ ቢሞላም እግራቸው ላይ ሊላላ ይችላል፤ ለእነሱ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለውን መሞከር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ማሰሩ። ዳይፐሩን ከመዘርጋታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ በቁመቱ እንደ ቤት አሸንዳ እጠፉት፤ ግድቦቹ በዚህ ጊዜ ይነሣሉ። ለሴት ከፊት ወደ ኋላ አሳልፉት፤ ከኋላ ወደ ፊት ከመጣ ቆሻሻ ወደ ሽንት መውጫ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለወንድ ብልቱ ወደ ታች መመልከቱን አረጋግጡ። ወደ ላይ ከቀረ ሽንቱ በወገብ በኩል ይወጣል፣ የቱንም ያህል ውድ ዳይፐር ቢሆን ልብስ ይበሰብሳል። ከዚያ በኋላ የታችኞቹን ሁለት ማጣበቂያዎች በመጠኑ ወደ ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ እነዚህ ጭኑን ያቅፋሉ። የላይኞቹን ደግሞ ወደ ታች ሰያፍ አድርጋችሁ ለጥፏቸው፤ እነዚህ ዳሌ አጥንት ላይ ይዘው እንዳይወርድ ያደርጋሉ። ሁሉንም ቀጥ አድርጎ መለጠፍ ሲቀመጡ ሆድ ላይ የሚጠብቅ፣ ሲነሡ የሚወርድ ዳይፐር ያስከትላል። በመጨረሻ አንድ ጣት ብሽሽት ውስጥ አስገብታችሁ በዙሪያው እየሳባችሁ የታጠፈውን ጠርዝ ወደ ውጭ አውጡት። በወገብ በኩል ሁለት ጣት መግባት አለበት።

ሁለት ዳይፐር ደራርቦ ማሰር ከንቱ ወጪ ነው። የውስጠኛው ላስቲክ ፈሳሹን ስለማያሳልፍ ሁለተኛው ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ሙቀቱና ክብደቱ ግን ይጨምራል። የሌሊቱ ካልበቃ ከሥሩ ላስቲክ የሌለው ተጨማሪ ፓድ ውስጡ ማስገባት ይቻላል። የበዛ ቫዝሊንም ሌላው የማይታይ ጠንቅ ነው። የዳይፐሩን ስስ ሽፋን ይደፍነዋል፤ እጅ ላይ የቀረው ቅባትም ማጣበቂያውን እንዳይይዝ ያደርገዋል። ዳይፐሩን ከማሰራችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ።

ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ሰው ዋናው ፈተና ስግደት ነው። ሲሰግዱ ወገብ ይታጠፋል፣ ሆድ ይጫናል፣ ጭን ይከፈታል፤ ተነሥተው ሲቆሙ ዳይፐሩ ከነበረበት አንድ ጣት ያህል ወርዶ ይገኛል። በዐቢይ ጾም ስግደቱ ሲበዛ ይህ ጎልቶ ይታያል። መፍትሔው ከላዩ ጠበቅ ያለ የጥጥ ቁምጣ ወይም ጥብቅ ሱሪ መልበስ ነው፤ ዳይፐሩን ወደ ገላ አስጠግቶ ይይዘዋል፣ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽም ድምፁን ያፍነዋል። እናቶቻችን በወገባቸው የሚያስሩት መቀነትም ቦታው ላይ ከዋለ ይረዳል፤ ከዳሌ አጥንት በላይ፣ በዳይፐሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ሳይጠብቅ። ሆድ ላይ አጥብቆ ማሰር ግን ፊኛን ስለሚጫን ያንኑ የፈሩትን ያመጣል። ቅዳሴው ረጅም ስለሆነ ከቤት ከመውጣት ጥቂት ቀደም ብሎ ሽንት ቤት ገብቶ አዲስ ዳይፐር መልበስ፣ ከነጠላ ሥር በሚያዝ ቦርሳ አንድ ቅያሪና ጥቁር ፌስታል መያዝ ሐሳብን ያሳርፋል።

ጸበል ላይ ግን ዳይፐር መውለቅ አለበት። ጸበል ጨው የሌለበት ውኃ ስለሆነ ፍሬዎቹ ከሽንት ይልቅ በእሱ ብዙ እጥፍ ያብጣሉ፤ ዳይፐሩ ድንገት ከብዶ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። ከተጠመቁ በኋላ በፎጣ አድርቆ፣ በተለይ ብሽሽትንና የመቀመጫን እጥፋት አድርቆ፣ ከዚያ አዲሱን መልበስ ነው። በእንጦጦ ብርድ እርጥብ ገላ ላይ የታሰረ ዳይፐር ቆዳ ያቆስላል። ጸበል በብዛት የሚጠጣ ሰውም ፊኛው ቶሎ እንደሚሞላ አውቆ ቅያሪ ይጨምር። መድኃኒት የታዘዘለት ደግሞ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ብዙ ሕሙማን ይሰበሰቡ በነበረበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም. ገደማ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ያ ምክር ለሽንት ሕመምም ይሠራል።

ዳይፐር መግዛት የማይችል ቤት ብዙ ነው። ያረጀ የጥጥ ነጠላ ወይም አንሶላ ደራርቦ ሰፍቶ መጠቀም አሳፋሪ አይደለም፤ በሚገባ ከታጠበና ፀሐይ ላይ ከደረቀ ገላን አይጎዳም። በክረምት ስለማይደርቅ ብዛት ያለው ቅያሪ ያስፈልገዋል። እባካችሁ ፌስታል በቀጥታ ገላ ላይ አታስሩ። ልብሱን ያድናል፣ ነገር ግን ላብና ሽንት አፍኖ በቀናት ውስጥ ቆዳውን ይልጠዋል። ላስቲኩ ፍራሽ ላይ፣ ከአንሶላው ሥር ይሁን።

ቆዳን በተመለከተ፣ ሰገራ ከወጣ ወዲያውኑ መቀየር ግድ ነው። ለሽንት ዳይፐሩ ላይ ያለው መስመር ቀለሙን ሲቀይር ወይም በእጅ ሲመዘን ሲከብድ መቀየር ነው። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይታሽ በፎጣ ተነክቶ ይድረቅ። ቀላ ካለ ስስ የዚንክ ቅባት ይበቃል። ተኝቶ የሚውል ሰው ዳይፐሩ ደረቅ ቢሆንም በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ይገላበጥ፤ የጭራ አጥንቱ አካባቢ የቀላና ሲጫኑት የማይነጣ ቦታ ካያችሁ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነውና ሐኪም ይየው።

ሽንት እንዳያመልጥ ብሎ ውኃ መተው ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር ነው። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፣ የውኃ ማነስም ሆድን ያደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ ፊኛን ይጫናል። ቀን ላይ ውኃ ይጠጣ፣ ቡናና ሻይ ከምሽት ይራቅ።

አንድ ቤት ውስጥ ይህን ወሬ ማንሣት ራሱ ከባድ ነው። ልጅ እናቱን «ሽንት ያመልጥሻል?» ብሎ በሰው ፊት አይጠይቅም። ለብቻቸው ሆነው «እማዬ፣ ሌሊት ሌሊት ስትነሺ ያስቸግርሻል መሰለኝ፣ የሚረዳ ነገር አለ» ማለት በር ይከፍታል። ሲቀየሩም ነጠላ ወይም ጋቢ ደርቦ፣ በር ዘግቶ፣ እያንዳንዱን ነገር ከማድረግ በፊት እየነገሩ ይሁን። አባት በወንድ ልጅ፣ እናት በሴት ልጅ ቢረዱ የሚመርጡ ከሆነ ይከበርላቸው። አእምሯቸው የደከመ አዛውንት ዳይፐሩን እየቀደዱ ሲጥሉ ልጆች «እልኸኛ ሆኑ» ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን እየነገሩን ያለው ርሷል፣ ይሞቀኛል፣ ያሳክከኛል፣ ወይም ሽንት ቤት ውሰዱኝ የሚል ነው።

ዳይፐር መያዣ እንጂ መድኃኒት አለመሆኑን መርሳት አይገባም። ከእንጦጦ ጫካ የራሳቸውን ክብደት የሚጠጋ የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው ለዓመታት ቁልቁል የወረዱ እናቶችን አስቡ። ከባድ ሸክምና ተደጋጋሚ ወሊድ የማሕፀንንና የፊኛን ደጋፊ ጡንቻ ያላላሉ። ይህን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ፤ አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬገል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት ነው። ሽንት እንደሚይዙ ሆኖ ጡንቻውን አምስት ሴኮንድ ያህል መጭመቅ፣ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ መድገም፣ ይህንንም በቀን ሦስቴ። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። በወንዶች የፕሮስቴት ማበጥ፣ በሁለቱም ጾታ የስኳር በሽታና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊታከሙ የሚችሉ መነሻዎች ናቸው። ደም የቀላቀለ፣ የሚያቃጥል ወይም በድንገት የጀመረ ከሆነ ዳይፐር ከመግዛት በፊት ምርመራ ይቅደም።

ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስባት ሴት ደግሞ ፊስቱላ የሚባል ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ ሊኖርባት ይችላል። እሷን ዳይፐር አልብሶ ቤት ማስቀመጥ ትልቅ በደል ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናውን በነፃ ይሰጣል፤ ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልል ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመውበታል። ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው ጥቂት ሴቶች አሉ፤ ለእነሱ ፓድና የጡንቻው እንቅስቃሴ አብረው ይሄዳሉ።

ጧሪ ለሌላቸውም ይህ ዕቃ የየዕለት ቀለብ ነው። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለሕዝብ በሚያሰማው ጥሪ ውስጥ የአዋቂ ዳይፐር ከምግብና ከልብስ ጋር ይጠራል። ለመቄዶንያም ሆነ ለጎረቤት አዛውንት የምትገዙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን ሴንቲሜትር አንብቡ፤ የማይሆን ቁጥር ማንንም አያደርቅም።

ያገለገለው ዳይፐር ሰገራ ካለበት ወደ ሽንት ቤት አራግፋችሁ ወደ ውስጥ ጠቅልሉት፣ በራሱ ማጣበቂያ አስራችሁ በፌስታል ለቆሻሻ ሰብሳቢው ስጡ። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከተጣለ አብጦ ይደፍናል። ወንዝ ዳር አይጣል፤ ከእንጦጦ ግርጌ የሚነሡት እንደ ቀበናና ቀጨኔ ያሉ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ነው የሚወርዱት፣ ላስቲኩና ጄሉም በቀላሉ አይበሰብሱም።