የነሐስ ደረጃ ሹፌር፦ አሕመድ አል ሐርቲ እና የኦማን የእሽቅድምድም መንገድ

እ.አ.አ. በጁን 2024 በፈረንሳይ ለ ማን በተካሄደው የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ቁጥር 46 ቢኤምደብሊው የብዙዎችን ዓይን ስባ ነበር። ከሦስቱ ሹፌሮቿ አንዱ በሞተር ሳይክል ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጣሊያናዊው ቫለንቲኖ ሮሲ ነው። ሁለተኛው የቢኤምደብሊው ፋብሪካ ሹፌር ቤልጂየማዊው ማክሲም ማርቲን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሙስካት የሄደው ኦማናዊ አሕመድ አል ሐርቲ ነበር። ሌሊት ላይ መንገዱ እርጥብ ሳለ መኪናዋ ከአል ሐርቲ ቁጥጥር ውጭ ሆና ከአጥር ጋር ተጋጨች፤ የቡድኑም ውድድር እዚያው አበቃ። ሮሲን ለማየት የመጣው ሕዝብ በማግሥቱ ከተማውን ለቆ ሲወጣ ስለዚህ ሹፌር ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም።

በ2025 የውድድር ዘመን ግን ማርቲን በኬልቪን ቫን ደር ሊንደ ሲተካ አል ሐርቲ ከሮሲ ጋር ያው መኪና ላይ ቀረ። በኢጣሊያ ኢሞላ በምድባቸው ሁለተኛ ሆነው ሲወጡ አል ሐርቲ 43 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለ ስብራት ደርሶበት መሪው ዳግመኛ የሚሰጠው ሹፌር በዚህ ሙያ ብዙ አይደለም። ይህ ሰው እዚህ እንዴት ደረሰ? ልጆቻቸው መኪና የሚወዱ ወላጆች ሁሉ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ሊያውቁት የሚገባ ታሪክ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከሙስካት መንገዶች ነው። አል አንሳብ በሙስካት ቦሸር ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። በአጠገቡ የሚያልፈው ሰፊው የሙስካት ፈጣን መንገድ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ራዳሮችም አሉት። ለጥ ያለ አስፋልት፣ ርካሽ ነዳጅ፣ በየቤቱ መኪና ባለበት አገር ወጣቱ ፍጥነትን ቢወድ አይገርምም። ያ ፍቅር ግን ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። በ2012 ብቻ በኦማን መንገዶች ላይ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሕዝቧ በጥቂት ሚሊዮኖች ለሚቆጠር አገር ይህ ከባድ ሐዘን ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በእጅጉ ቀንሷል። ከቅጣትና ከራዳር ሌላ፣ ወጣቱ ፍጥነቱን የሚያወጣበት የታጠረ ቦታ ማግኘቱ ተገቢ መፍትሔ ነው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል። የኦማን አውቶሞቢል ማኅበር በሙስካት የካርት መሮጫና መኪና እያንሸራተቱ የሚወዳደሩበት ሜዳ አለው፤ በአገሪቱ የውድድር ፈቃድ የሚሰጠውም እሱ ነው።

ኦማን ታላላቅ ውድድሮች የሚካሄዱበት መሮጫ የላትም። ባሕሬን በ2004 የሳኺርን፣ ዱባይ በዚያው ዓመት የአውቶድሮምን፣ አቡ ዳቢ በ2009 የያስ ማሪናን መሮጫ ከፍተዋል። የሙስካት ልጅ ከካርት ወደ መኪና ሊሸጋገር ሲል ድንበር መሻገር ግድ ይሆንበታል።

አል ሐርቲም ያደረገው ይህንኑ ነው። በነሐሴ 1981 በሙስካት ተወለደ፤ ከካርት ጀምሮ እንግሊዝ አገር ሄዶ አንድ መቀመጫ ባላቸው የውድድር መኪናዎች ተወዳደረ። የፎርሙላ ዋን ሕልም ያላቸው ሹፌሮች አብዛኛውን ጊዜ በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው ካርት ላይ ይወጣሉ። ሉዊስ ሐሚልተን በስምንት ዓመቱ ጀምሮ በ13 ዓመቱ ማክላረን አስፈርሞታል። ማክስ ቨርስታፐን በ2015 ፎርሙላ ዋን ሲገባ ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 አድርጎ፣ ከታችኛዎቹ ውድድሮች 40 ነጥብ ማምጣትን ግዴታ አደረገ። በሃያዎቹ ዕድሜው እንግሊዝ ለደረሰ ኦማናዊ ያ በር ተዘግቷል ማለት ይቻላል።

እሱ ግን ሌላ በር አንኳኳ። በ2010 በብሪታንያ የፖርሽ ካሬራ ዋንጫ ገባ፤ ከዚያ ጣሪያ ወዳላቸውና ከመንገድ መኪና ወደሚሠሩት የጂቲ መኪናዎች ዞረ። አስቶን ማርቲን ይዞ የኦማን ሬሲንግ ቡድንን ስም በአውሮፓ አስጠራ፤ በ2017 ከስኮትላንዳዊው ጆኒ አዳም ጋር በብላንፔን የጽናት ዋንጫ፣ ባለሙያና አማተር አብረው በሚነዱበት የፕሮ-አም ምድብ፣ ሻምፒዮን ሆነ። በ2023 ለ ማን ላይ ከቻርሊ ኢስትዉድና ከማይክል ዲናን ጋር በምድቡ ሁለተኛ ሆኖ መድረኩ ላይ ወጣ። ሮሲ ጎን እስኪቀመጥ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ አንድ ብዙ ተመልካች የማያውቀው ደንብ ነው። ፌዴሬሽኑ የጽናት ውድድር ሹፌሮችን ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ብሎ በአራት ደረጃ ይከፍላል። ፕላቲነምና ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ደመወዝ የሚያገኙ ባለሙያዎች ናቸው። ነሐስ ዘግይተው የጀመሩ ወይም የዋንጫ ታሪካቸው አነስተኛ የሆኑ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ገንዘብ ይዘው የሚመጡ ባለሀብቶች ናቸው። በዓለም የጽናት ሻምፒዮና በጂቲ መኪና የሚወዳደር እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንድ ነሐስ ማሰለፍ አለበት። ዘጠኝ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሮሲ እንኳ ወደ መኪና ዘግይቶ በመምጣቱ ብር ነበር፤ አል ሐርቲ ነሐስ ነበር።

ከሩቅ ሲታይ ነሐስ መሆን ውርደት ይመስላል፤ ሥራውን ለሚያውቁ ግን ውድድሩ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። የየቡድኑ ፋብሪካ ሹፌሮች በፍጥነት ተቀራራቢ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚፈጠረው በነሐሶቹ መካከል ነው። ለ ማን ላይ ነሐሱ ቢያንስ ስድስት ሰዓት መንዳት ግዴታው ነው፤ ማንም ሹፌር ደግሞ ከ14 ሰዓት በላይ አይነዳም። ስለዚህ ፈጣንና የማይደነግጥ ነሐስ ያገኘ ቡድን ብዙ አግኝቷል። ያ የለ ማን ሌሊት ካለፈም በኋላ አል ሐርቲ የተፈለገው በዚህ ምክንያት ይመስላል።

የሥራው ትጋት ከቴሌቪዥኑ ይልቅ በጥገና ስፍራው ይታያል። መኪናዋ ገብታ ስትቆም የሚወርደው ሹፌር ቀበቶውን ፈትቶ፣ በሰውነቱ ልክ የተሠራውን የወንበር ሽፋን ይዞ ይወጣል። የሚተካው የራሱን ሽፋን ይዞ ይገባል። ወራጁ ትከሻው ላይ ጎንበስ ብሎ የቀበቶዎቹን ጫፍ ያቀብለዋል፤ የሬዲዮውን ገመድ፣ የመጠጥ ውኃውን ቱቦ ይሰካለታል። አንድ ማሰሪያ ከእጅ ካመለጠ የሚባክነው ሰኮንድ መንገድ ላይ በብዙ ዙር ተለፍቶ የተገኘ ነው። ቡድኖች ይህን ብቻ ደጋግመው ይለማመዳሉ። የመኪናው ውስጥ ደግሞ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሞተሩና እሳት የሚከላከለው ድርብርብ ልብስ አንድ ላይ ሆነው ሹፌሩን ላብ በላብ ያደርጉታል። የሙስካት ሙቀት ለዚህ ጥሩ ልምምድ ሳይሆን አይቀርም።

ገንዘቡስ? አል ሐርቲ ብቻውን አልከፈለም። ባለፉት ዓመታት የስፖርት ሚኒስቴር፣ የቱሪዝም ሚኒስቴርና እንደ ኦማንቴል ያሉ ድርጅቶች ደግፈውታል፤ የኦማን ስም በአስቶን ማርቲኑ ጎን ላይ ተጽፎ በአውሮፓ ዞሯል። አገሪቱ በመኪናው ውስጥ የቱሪዝም ማስታወቂያ አይታለች፤ እሱም በየዓመቱ ሄዶ ያንን ማስታወቂያ ያስፈጸመ ሰው ነው። ሹፌርነት እዚህ ላይ ግማሹ ንግድ ነው። ስፖንሰር ፊት ቀርቦ ዕቅድ ማቅረብ፣ ከውድድር በኋላ ሪፖርት መጻፍ፣ የደገፈውን ድርጅት ሠራተኞች ማነጋገር የማይሆንለት ወጣት መሪ ላይ የቱንም ያህል ቢዋጣለት ሩቅ አይሄድም። አሁን እንደ አል ፈይሰል አል ዙበይር ያሉ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ የፖርሽ ውድድር የታወቁ ኦማናውያን በዚሁ መንገድ እየተጓዙ ነው።

ከእኛ ጎረቤት ኬንያም ያየነው ይህንኑ የድጋፍ መንገድ ነው። የሳፋሪ ራሊ በ1953 ተጀምሮ፣ ለዓመታት ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ተመለሰ። የኬንያዊው ራሊስት የመክሬይ ኪማቲ ስም የወጣው ከስኮትላንዳዊው ራሊስት ኮሊን መክሬይ ነው፤ ኪማቲም በ2022 በስዊድን በረዶ ላይ ተወዳደረ። አባቱ ፊኒያስ ኪማቲ የኬንያ ሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን መሪ ነበሩ። ቤተሰብና ተቋም አንድ ላይ ሲቆሙ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ መኪና ራሱ ውድ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በተለይ ያገለገሉ መኪናዎችን ቀረጥ አንሮታል፤ በ2024 መጀመሪያ ላይም ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪናዎችን ማስገባት ተከለከለ። ለእሽቅድምድም ይህ ሙሉ በሙሉ መጥፎ ዜና አይደለም። የኤሌክትሪክ ካርት አለ፤ ጭስ የለውም፣ ብዙ ድምፅ አያሰማም፣ በከተማ ዳርም በትንሽ ቦታ ላይ ሊሮጥ ይችላል። አንድ የካርት መሮጫ ያለው ማዘጋጃ ቤት ከእግር ኳስ ሜዳና ከሩጫ ትራክ ሌላ ምርጫ ለልጆቹ ሰጠ ማለት ነው። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያጠናና የሚያስተባብር አካል ቢኖር ጥሩ ነበር።

እስከዚያ ግን በሙስካት ያደጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ዕድል አላቸው። አል አንሳብ ላይ የሚኖር ልጅ ለመጀመር የሚያስፈልገው በኪራይ ካርት የሚነዳበት ቀን ነው፤ ጊዜውን መዝግቦ ማሻሻሉን ማየት ይቻላል። ከዚያ የውድድር ካርት ይመጣል፤ ያኔ ነገሩ ይከብዳል። የውድድር ካርት ሾክ የሌለው ስለሆነ የመንገዱ እብጠት ሁሉ ጎድን ላይ ያርፋል፤ ልጆች ጎድናቸውን የሚከላከል ጃኬት ይለብሳሉ። ጎማውም በአንድ ቅዳሜና እሑድ ያልቃል። ወላጅ በጀቱን ከመኪናው በፊት በጎማ፣ በመካኒክና በጉዞ ወጪ ማስላት አለበት፤ በባሕረ ሰላጤው የውድድር ወቅቱ ሙቀቱ ሲቀዘቅዝ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ስለሆነም፣ ጉዞው ከትምህርት ጋር መጋጨቱ አይቀርም።

የሚገርመው ነገር ደግሞ አለ። በዓለም ሻምፒዮና ላይ ሹፌር የሚወክለው በፓስፖርቱ ያለውን ዜግነት ነው። የሙስካቱ ልጅ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዞ ያን ያህል ከደረሰ፣ ስሙ ጎን የሚታየው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው፤ ካርት የነዳው የትም ይሁን።