የእንቅልፍ መድኃኒት ከጊዜ በኋላ ለምን አልሠራ ይላል?

ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ በተዘረጉት የእንጦጦ ተራሮች ማለዳ አትሌቶች ይሮጣሉ። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ግን ሰውነቱ ቀይ የደም ሕዋሳትን ጨምሮ ከስሱ አየር ጋር ይላመዳል። ወደ ቆላ ሲመለስ ልማዱ ቀስ በቀስ ይጠፋል። የአሠራሩ መንገድ ቢለያይም፣ ሰውነት የእንቅልፍ መድኃኒትንም እንዲሁ ይለምዳል፤ ልማዱንም ያጣል።

በአንጎል ውስጥ ነርቮችን የሚያረጋጋ ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር አለ። ዳያዜፓምን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የጋባን ኃይል በማጉላት እንቅልፍ ያመጣሉ። በየሌሊቱ ሲወሰዱ ግን አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ለጋባ የሚሰጠውን ምላሽ ይቀንሳል፤ የማነቃቃቱን ሥራ ደግሞ ያጠናክራል። በመሆኑም በአንድ ፍሬ ይተኛ የነበረ ሰው ከሳምንታት በኋላ ሁለት ያስፈልገዋል። ለእንቅልፍ ሲታዘዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንዳይበልጡ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ለረጅም ጊዜ የተወሰደ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማነቃቃቱ ኃይል ብቻውን ይቀራል። ከቀድሞው የባሰ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ላብና የእጅ መንቀጥቀጥ ይከተላሉ፤ ሲከፋም እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል። ብዙዎች ይህን አይተው "ያለ መድኃኒቱ መተኛት አልችልም" ብለው ይደመድማሉ። ሆኖም አንጎል ወደ ሚዛኑ እስኪመለስ የሚታይ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠኑ በሐኪም ክትትል በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት መቀነስ አለበት።

ሌላም አደጋ አለ። መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ የሰውነት ልማድ ስለሚጠፋ፣ ቀድሞ ይወሰድ የነበረው መጠን በኋላ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከአረቄ፣ ከጠላ ወይም ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽን እስከማቆም ይደርሳል። የለመደ ሰው የሚወስደውን ፍሬ ላልለመደ ጎረቤት ወይም ዘመድ ማካፈልም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው። አረጋውያን ደግሞ ሌሊት ሲነሡ ወድቀው ሊሰበሩ ይችላሉ።

እንቅልፍ ያጣ ሰው በቅድሚያ ከቀትር በኋላ ቡናና ጫት ይተው፤ በየዕለቱም በአንድ ሰዓት ይነሣ። ችግሩ ከሳምንታት በላይ ከዘለቀ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መድኃኒቱን ለወራት የወሰደ ሰውም በራሱ ውሳኔ ከማቋረጡ በፊት ሐኪም ያማክር።