ሲፕላ፦ የዕድሜ ማራዘሚያን ዋጋ የሰበረው ኩባንያ

በጥር 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሕዝቡ ዕድሜ ማራዘሚያ የሚለውን የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መስጠት ጀመረ። ከዚያ በፊት መድኃኒቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከኪሱ መክፈል የቻለ ሰው ነበር። የነጻውን አገልግሎት ወጪ የሸፈኑት እንደ ግሎባል ፈንድና የአሜሪካ መንግሥት ያሉ ለጋሾች ናቸው። ይሁንና የመድኃኒቱ ዋጋ ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበረበት ቢቆይ ኖሮ የትኛውም ለጋሽ ለሚሊዮኖች ማዳረስ ባልቻለ ነበር። ዋጋው እንዲወርድ መንገድ ከጠረጉት መካከል ቀዳሚው ሲፕላ የተባለው የሕንድ መድኃኒት አምራች ነው።

ሲፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 የዛሬዋ ሙምባይ፣ የያኔዋ ቦምቤይ ውስጥ ያቋቋሙት በርሊን የተማሩት ኬሚስት ኽዋጃ አብዱል ሃሚድ ናቸው። ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ መድኃኒቷም በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። በአገር ልጅ እጅ የተቋቋመው ይህ ፋብሪካ የነጻነት ታጋዮችን ቀልብ ስቦ ማህተማ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1939 ጎብኝተውታል። በኋላ ኩባንያውን የመሩት ልጃቸው ዩሱፍ ሃሚድ ሲሆኑ፣ እሳቸውም በካምብሪጅ ኬሚስትሪ የተማሩ ናቸው።

የሲፕላን ስልት ለመረዳት ግን ከፋብሪካው ይልቅ ሕጉን ማየት ይቀድማል። ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላም በቅኝ ገዢዎች የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ሕግ ትተዳደር ስለነበር የመድኃኒት ዋጋዋ የናረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ ሕግ አወጣች፤ በ1972 ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ለመድኃኒቱ ለራሱ ፓተንት መስጠትን አስቀረና መድኃኒቱ ለሚሠራበት ዘዴ ብቻ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ፣ ፈቀደ። ጠላ ጠማቂዋ አጠማመቋን እንጂ ጠላን የራሷ ብቻ ማድረግ አትችልም እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሕንድ ኬሚስቶች በአውሮፓና በአሜሪካ ባለቤት ያለውን መድኃኒት በሌላ ዘዴ እየሠሩ በአገራቸው በሕጋዊ መንገድ መሸጥ ቻሉ። ሲፕላም ፈዋሹን ንጥረ ነገር ራሱ ማምረቱን ስለተካነ ወጪውን በእጁ አስገባ።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ዓለምን ያስደነቀው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ነው። በዚያን ጊዜ ሦስት የኤችአይቪ መድኃኒቶችን አጣምሮ መውሰድ ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ሲፕላ ግን ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለተባለው ድርጅት በ350 ዶላር፣ ለመንግሥታት ደግሞ በ600 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ለድርጅቱ የተባለው ዋጋ በቀን ከአንድ ዶላር በታች ነው። የመድኃኒቱ መሥሪያ ወጪና የመሸጫው ዋጋ ምን ያህል ተራርቀው እንደቆዩ በዚያ ቀን በግልጽ ታየ።

ሌላው ሥራው ትራዮሚዩን የተባለው ክኒን ነው። ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን የተባሉት የኤችአይቪ መድኃኒቶች በሌላው ዓለም የተለያዩ ኩባንያዎች ንብረት ስለነበሩ ሦስቱን በአንድ ክኒን ማዋሐድ የሁሉንም ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። የሕንድ ሕግ ይህን ማነቆ ስላላወቀ ሲፕላ ሦስቱን አንድ አደረጋቸው። ታማሚው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ክኒን ከዋጠ በቃው። ሐኪም በማይበዛበት ገጠር ሕክምናው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ይህ ቅለት ትልቅ እገዛ አድርጓል። ስታቩዲን በጎንዮሽ ጉዳቱ የተነሳ በኋላ በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል፤ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ክኒን የማድረጉ ልማድ ግን ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነው።

ነገሩ በዋጋ ብቻ አላበቃም። ርካሽ መድኃኒት እንዲገባ የሚፈቅድ ሕግ ባወጣችው በደቡብ አፍሪካ ላይ ክስ መሥርተው የነበሩ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች በሚያዝያ 2001 እ.ኤ.አ. ክሳቸውን አነሱ። በዚያው ዓመት ኅዳር የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ዶሃ ላይ ተሰብስበው የድርጅቱ የፓተንት ስምምነት አገሮች የሕዝባቸውን ጤና እንዳይጠብቁ ማገድ እንደሌለበት አወጁ።

ሕንድ ግን የዚሁ ድርጅት አባል ናትና እ.ኤ.አ. በ2005 ለመድኃኒት ፓተንት መስጠት ጀመረች። የቀድሞው ስልት ለአዳዲስ መድኃኒቶች ስለማይሠራ አምራቾቿ ከባለ ፓተንቶቹ ጋር እየተደራደሩ በፈቃድ ወደ ማምረት ዞሩ። ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር የተባለ የኤችአይቪ መድኃኒት ለታማሚው የሚደርሰው በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ፈቃድ ነው። ሲፕላም ወደ ውጭ ወጥቶ በኡጋንዳ ከአገሬው ኩባንያ ጋር በሽርክና ፋብሪካ አቋቋመ፣ በደቡብ አፍሪካም ኩባንያ ገዛ። ኋላ ግን በኡጋንዳ የነበረውን ድርሻ ሸጧል።

የዚህ የመድኃኒት አቅርቦት ሰንሰለት ደካማ ጎን ጥሬ ዕቃው ነው። ሕንድ ከውጭ ከምታስገባው የመድኃኒት ንጥረ ነገር ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከቻይና ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና የቻይና ፋብሪካዎችን ሲያዘጋ ሕንድ ፓራሲታሞልን ጨምሮ የ26 ንጥረ ነገሮችንና ከእነሱ የሚሠሩ መድኃኒቶችን ወደ ውጭ መላክ ገደበች። የዓለም ፋርማሲ የሚባለው አገር እንኳ በችግር ቀን መጀመሪያ ለራሱ ያስባል።

እኛም ልንማረው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች በቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ አዘጋጅታለች፤ ያሉን ፋብሪካዎች ግን በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ንጥረ ነገር ቀምመው የሚያሽጉ ናቸው። የሲፕላ ታሪክ እንደሚያሳየው ርካሽ መድኃኒት በደግነት ብቻ አይገኝም። ሕንድ አስቀድማ ለሕዝቧ የሚበጅ ሕግ አወጣች፣ ኬሚስቶቿም ንጥረ ነገሩን ከመሠረቱ መሥራት ተማሩ፤ ይህም ዓመታት ወሰደ። በአገራችን ፖሊሲ የሚያወጡ፣ ፋብሪካ የሚተክሉና ኬሚስት የሚያስተምሩ ሁሉ ከማሸጊያው ማሽን ይልቅ ለንጥረ ነገሩ ሳይንስና ለሕጉ ቅድሚያ ሊሰጡ ይገባል።