ርካሽ ጊታር በትልቅ መድረክ

በዓለም ትልልቅ መድረኮች ላይ ከተሰሙት የኤሌክትሪክ ጊታሮች ጥቂት የማይባሉት ለጀማሪ ታስበው የተሠሩ፣ በርካሽም የተሸጡ ናቸው። ስማቸው የገነነ ሙዚቀኞች እነዚህን ጊታሮች የያዙበት ምክንያት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሌላ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም፤ ሌላው በልጅነቱ እጁ ከለመደው መሣሪያ መለየት አልፈለገም፤ ሌላው ደግሞ ውዱ ጊታር የማይሰጠውን ድምፅ ያገኘው በርካሹ ነው። ለጊታር ጥገና ባለሙያ ግን የእነዚህ ሰዎች ምርጫ ከዝና ወሬ በላይ ነው፤ ከጊታሩ ክፍሎች የትኛው ሥራ እንደሚሠራ፣ የትኛው ደግሞ ዋጋ ብቻ እንደሚጨምር ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ርካሽ ጊታር ከሚገዛባቸው ዋና መንገዶች አንዱ በፖስታ ትእዛዝ የሚቀበሉት የትልልቅ መደብሮች ካታሎግ ነበር። ሲርስ «ሲልቨርቶን»፣ ሞንትጎመሪ ዋርድ ደግሞ «ኤርላይን» የሚል ስም ያለባቸውን ጊታሮች ይሸጡ ነበር። መደብሮቹ ስማቸውን ይለጥፉ እንጂ ጊታሩን የሚሠሩት ሌሎች ፋብሪካዎች ነበሩ። ከሠሪዎቹ አንዱ ናታን ዳንኤል በ1947 በኒው ጀርሲ ያቋቋመው ዳንኤሌክትሮ ነው። ዳንኤል ወጪን የመቀነስ ብልሃት የነበረው ሰው ነው። የጊታሮቹ አካል አንድ ወጥ ጠርብ አይደለም፤ በእንጨት ፍሬም ላይ ከፊትና ከኋላ ሜሶናይት የሚባል፣ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ስስ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ፒክአፑ፣ ማለትም የክሩን እርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ፣ የተቀመጠው ለሊፕስቲክ መያዣ በሚሠራ የብረት ቱቦ ውስጥ ነው።

የሌድ ዘፔሊኑ ጂሚ ፔጅ በ1970ዎቹ ውድ የሆነውን ጊብሰን ሌስ ፖል አስቀምጦ «ካሽሚር»ን በመድረክ የሚጫወተው በዳንኤሌክትሮ ጊታር ነበር። ዘፈኑ የሚፈልገው ቅኝት ከተለመደው የተለየ ነው፤ ከወፍራሙ ክር ተነሥቶ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ ተብሎ ይቃኛል። በዝግጅት መካከል ክሮችን እያላሉ ማጥበቅ ስለማያመች ለዚያ ቅኝት ብቻ የሚያዝ ጊታር ያስፈልጋል። የሊፕስቲኩ ቱቦ ፒክአፕ ደግሞ ኃይሉ አነስ ያለ፣ ድምፁ የጠራ በመሆኑ ክፍት ክሮች አብረው ሲጮኹ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይሰማሉ። ለዚህ ሥራ ሜሶናይቱ ምንም አልጎደለበትም።

የኤርላይን ታሪክ ከዚህ ይለያል። ጃክ ዋይት ከኋይት ስትራይፕስ ጋር በሠራባቸው ዓመታት የያዘው ቀይ ጊታር በ1960ዎቹ ቺካጎ በሚገኘው በቫልኮ ፋብሪካ የተሠራ፣ አካሉ ፋይበርግላስ የሆነ ክፍት ሣጥን ነው። ከእሱ በፊት የቺካጎው ብሉዝ ተጫዋች ጄ. ቢ. ሃቶ ይህንኑ ሞዴል ይዞ ታይቷል። ጊታሩ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በአምፑ፣ ማለትም በድምፅ ማጉያው፣ ፊት ሲቆም ቶሎ ያስተጋባል፤ ተጫዋቹ ካልያዘው ያመልጣል። ዋይትም የፈለገው ይህንኑ ትግል ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጊታር ለሠርግ ባንድ ወይም ንጹሕ ድምፅ ለሚጠይቅ የስቱዲዮ ሥራ አይመከርም፤ ለእሱ ሙዚቃ ግን ጉድለቱ ራሱ መሣሪያ ሆኗል። ዋይት ከያዘው በኋላ የድሮዎቹ ኤርላይኖች ዋጋ ተሰቅሎ ዛሬ ርካሽ መባላቸው ቀርቷል።

አቅም አጥቶ ርካሽ ጊታር መያዝም ድምፅን ይቀርጻል። የጂሚ ሄንድሪክስ አባት በ1959 ለልጁ የገዛለት የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጊታር የዚያው የቫልኮ ሥራ የሆነ ሱፕሮ ነበር። ጆኒ ራሞን በ1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ከማኒስ የሙዚቃ ሱቅ ሞስራይት ጊታር የገዛው በ50 ዶላር ገደማ ነው፤ የመረጠውም ዋጋው ስለተስማማው ነው። ባንዱ ራሞንስ የሚታወቅበት፣ እጅ ወደ ታች ብቻ እየመታ የሚያወጣው ፈጣን ድምፅ በዚህ ጊታር ተሠራ። የብሉዝ ተጫዋቹ ሃውንድ ዶግ ቴይለር የቺካጎን ትናንሽ ቡና ቤቶች በርካሽ የጃፓን ጊታር ሲያናውጥ የሰማው ብሩስ ኢግላወር የእሱን ሙዚቃ ለመቅዳት ሲል በ1971 አሊጌተር ሪከርድስን አቋቁሟል።

የጃፓን ፋብሪካዎች መነሣት የርካሽ ጊታርን ትርጉም ለወጠ። በ1970ዎቹ የፌንደርንና የጊብሰንን ቅርጽ እየገለበጡ የሚሠሯቸው ጊታሮች እየተሻሻሉ ሄደው ከአሜሪካኖቹ ጋር የሚፎካከሩ ሆኑ። ፕሪንስ ለዓመታት የያዘው፣ በሆነር ስም የሚሸጥ የፌንደር ቴሌካስተር ግልባጭ የዚህ ዘመን የጃፓን ሥራ ነው። በ2004 የጆርጅ ሃሪሰን ስም በሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ በተመዘገበበት ምሽት ፕሪንስ ብዙዎች እስካሁን እየደጋገሙ የሚያዩትን ሶሎ የተጫወተው በዚሁ ሞዴል ነው። የግሪን ዴይ መሪ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግም በልጅነቱ ያገኘውን ፈርናንዴዝ የተባለ የጃፓን ስትራቶካስተር ግልባጭ በ1994 ዉድስቶክ መድረክ ላይ ይዞ ወጥቷል፤ ጊታሩ በተለጣፊ ወረቀት የተሸፈነ፣ በብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ አካሉ ላይ በሚያርፉበት ክፍል፣ አጠገብ ያለው ፒክአፑም የተለወጠ ነው።

ፌንደር ለዚህ ፉክክር የሰጠው መልስ ስኳየር ነው። ስሙ በ1965 ከገዛው የክር አምራች የመጣ ሲሆን፣ በ1982 ጃፓን ውስጥ በፉጂጄን ፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ከእነዚያ የመጀመሪያ ስኳየሮች አንዱ ዓይነ ስውሩ ካናዳዊ ጄፍ ሂሊ ጭኑ ላይ አጋድሞ ይጫወትበት የነበረው ጥቁር ስትራቶካስተር ነው፤ በ1988 «ሲ ዘ ላይት» የተባለው አልበሙ ሲወጣ ዓለም ያየው ከዚህ ጊታር ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ምርቱ ወደ ኮሪያ፣ ወደ ቻይናና ወደ ኢንዶኔዥያ እየተሻገረ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። ከስኳየር ዝቅተኛው «ቡሌት» የሚባለው የነበረ ሲሆን ለዓመታት ከ200 ዶላር በታች ሲሸጥ ቆይቷል፤ አሜሪካ የሚሠራው የፌንደር ስትራቶካስተር በአንጻሩ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከኦልማን ብራዘርስ ባንድ ጋር የተጫወተው ጃክ ፒርሰን የሚታወቀው በዚህ በቡሌት ነው። የጀነሲሱ ማይክ ረዘርፎርድም በ2021 እና በ2022 በተደረገው የቡድኑ የመጨረሻ ጉዞ፣ የፈለገውን ጊታር መግዛት የሚችል ሰው ሆኖ ሳለ፣ ቡሌት ይዞ በትልልቅ አዳራሾች ተጫውቷል።

ስለ ኢፒፎን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ጆን ሌነን በጥር 1969 ለንደን ጣሪያ ላይ የተጫወተበት ኢፒፎን ካዚኖ ብዙ ጊዜ በርካሽ ጊታር ምሳሌነት ይጠቀሳል፤ ይህ ልክ አይደለም። ጊብሰን ኢፒፎንን ከ1957 ጀምሮ በባለቤትነት ይዞ የነበረ ሲሆን የሌነን ካዚኖ የተሠራው ከጊብሰኖቹ ጋር በአንድ ፋብሪካ፣ በካላማዙ ነው። ኢፒፎን የርካሽ ጊታር ስም የሆነው ከ1970 ጀምሮ ሥራው ወደ እስያ ሲሄድ ነው። ለዛሬው ገዢ የሚጠቅመው ምሳሌ የብሉዝ ተጫዋቹ ጋሪ ክላርክ ጁኒየር ነው፤ በ2010 በኤሪክ ክላፕተን የክሮስሮድስ ድግስ ላይ ብዙ ሰው ያወቀው ቀይ ካዚኖ ይዞ ነው።

ርካሽ ጊታር በትልቅ መድረክ ላይ የሚሠራበት ምክንያት ከኤሌክትሪክ ጊታር አሠራር ይመነጫል። ክራር ወይም አኮስቲክ ጊታር የሚጮኸው በሣጥኑ ነው፤ ሣጥኑ መጥፎ ከሆነ መፍትሔ የለውም። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ክሩ ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ ጥቅል ሽቦው ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ቀሪውን የሚሠራው አምፑ ነው። በአንድ ወጥ አካል በተሠራ ጊታር ላይ የእንጨቱ ዓይነትና የቀለሙ ጥራት በድምፁ ላይ ያላቸው ድርሻ ከክሩ፣ ከፒክአፑና ከአምፑ ያነሰ ነው። ሁለት መቶ ዶላር የወጣበት ጊታር በጥሩ አምፕ ሲጫወት፣ ሁለት ሺህ የወጣበት ደግሞ በደካማ አምፕ ሲጫወት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ይበልጣል። ገንዘቡ የተወሰነ ሙዚቀኛ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ከብዙ ወጪ ይድናል። በኮምፒዩተር የሚመራ የእንጨት መቁረጫ ማሽን ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ የርካሹ ጊታር አንገትና አካል አቆራረጥ ከውዱ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ የቀረው ማሽኑ በማይደርስበት፣ የሰው እጅ ጊዜ በሚፈጅበት ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ በመድረክ የታየው ርካሽ ጊታር ከሱቅ እንደተገዛ የቀረ ላይሆን ይችላል። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ፌንደር በ1964 ለተማሪዎች ያወጣውን ሙስታንግ ይወድ ነበር፤ ሆኖም በ1993 ጉዞ ላይ የያዛቸው ሙስታንጎች በባለሙያው በኧርኒ ቤይሊ እጅ ያለፉ ናቸው። ብሪጃቸው ተለውጧል፤ ክሩን የሚያላላው የብሪጅ ማንሻም እንዳይንቀሳቀስ ተደርጓል፤ ይህም ከቅኝት እንዳይወጣ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ የኩር ባንድ መሪ ሮበርት ስሚዝ ከዉልዎርዝ መደብር የተገዛ ርካሽ ጊታር ፒክአፕ አውልቆ ጃዝማስተር በተባለው ውድ ፌንደሩ ላይ አስገጥሟል። ዝነኛ ሰው ይዞት ስላየ ብቻ ያንኑ ሞዴል ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ድምፁ አልመጣ ሲለው ጊታሩ ሐሰተኛ ይመስለዋል፤ የጎደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠጋኝ እጅ ነው።

ያ እጅ በመጀመሪያ የሚያርፈው ነት ላይ ነው፤ ነት በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበት ትንሽ ቁራጭ ነው። የርካሽ ጊታር ነት ፕላስቲክ ሲሆን መስመሮቹ ጥልቀት ይጎድላቸዋል። ክሩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች፣ ማለትም አንገቱ ላይ በተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ላይ ሲጫን ድምፁ ከልኩ ከፍ ይላል፤ መስመሩ ክሩን ከያዘው ደግሞ እያንዳንዱ ሳብ ከተደረገ በኋላ ቅኝቱ አይመለስም። ሰው መቃኛው ርካሽ ነው ብሎ መቃኛ ያስለውጣል፤ ችግሩ ግን ነቱ ዘንድ ነው። ቀጥሎ የፍሬቶቹ ጫፍ ይታያል። በርጥብ የእስያ አገር የተሠራ አንገት እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ በተለይ በበጋ፣ እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን ስለማይቀንስ ጫፉ ወጥቶ መዳፍን ይቧጭራል። በፋይል መስተካከል አለበት። ከዚያ በአንገቱ ውስጥ ያለው ትረስ ሮድ የሚባለው ብረት ይስተካከላል፤ የክሮቹም ከፍታ በ12ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2 ሚሊሜትር፣ ለቀጭኑ 1.6 ሚሊሜትር አካባቢ እንዲሆን ይደረጋል።

የመጨረሻው የእጅ ሥራ ኢንቶኔሽን ነው። ክሩ ክፍት ሲመታና 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ትክክለኛ ኦክታቭ መሆን አለበት፤ ካልሆነ በብሪጁ ላይ ያለው መቀመጫ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሳባል። በኢትዮጵያ ቅኝቶች ለሚጫወት ሰው ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በአንቺሆዬ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ኢንቶኔሽኑ የተዛባ ጊታር ከሳክስፎኑና ከኪቦርዱ ጋር ወዲያውኑ ይጋጫል።

የኤሌክትሪክ ክፍሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ አስቀድሞ ፒክአፕ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። በርካሽ ጊታር ላይ ቶሎ የሚበላሸው ኬብሉ የሚሰካበት ጃክና የፒክአፕ መምረጫው ነው፤ ሁለቱም በአነስተኛ ዋጋ ይለወጣሉ። ፒክአፑ በከፍተኛ ድምፅ የሚያፏጭ ከሆነ ጥቅል ሽቦው ላልቶ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው፤ በቀለጠ ሰም ውስጥ በጥንቃቄ ሲነከር ይቆማል። ኤዲ ቫን ሄለን በ50 ዶላር አካልና በ80 ዶላር አንገት በሠራው ጊታር ላይ ይህንኑ አድርጓል። የጊታሩን የውስጥ ክፍተት በመዳብ ፎይል መሸፈን ከመድረክ መብራት የሚመጣውን ዝዝታ ይቀንሳል፤ ከትራንስፎርመር የሚመጣውን ሃም ግን አያጠፋም፤ ለዚያ ሁለት ጥቅል ያለው ሃምበከር ፒክአፕ ያስፈልጋል። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ባለበት አዳራሽ ደግሞ ነገሩ የድምፅ ጥራት ብቻ አይደለም፤ የጊታሩን ክር ይዞ ማይክራፎን በከንፈሩ የነካ ዘፋኝ በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል፤ ይህም በጊታር ጥገና የማይፈታ፣ የአዳራሹ መስመር መታየት ያለበት ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የማይጠገነው አንገት ነው። ትረስ ሮዱ የጎበጠ አንገትን ያቃናል፤ እንደ ጠመዝማዛ ገመድ የዞረን አንገት ግን አያስተካክልም፤ ብረቱ እስከ ጫፍ ተጠብቆ ያለቀ ከሆነም ቀጣይ እርምጃ የለውም። ርካሽ ጊታር የሚገዛ ሰው፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ቀለሙንና ስሙን ከማየቱ በፊት ከአካሉ ጫፍ ወደ ነቱ አግድም ተመልክቶ የፍሬቶቹ መስመር እኩል መሆኑን ያረጋግጥ፤ ከዚያም ቀጭኑን ክር በየፍሬቱ እየያዘ እስከ መጨረሻው ይምታ። ድምፁ የሚታፈንበት ቦታ ካላገኘና አንገቱ ካልዞረ ሌላው በጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ይስተካከላል።